ከድሬዳዋ ማላዊ ገጠር፦ የሁለት ሳምንት ሚሽን ከዝግጅት እስከ መልስ

ድሬዳዋ ያደገ ክርስቲያን ሚሽንን መጀመሪያ የሚያውቀው በተቀባይነት ነው። ልጅ ሆኜ ከውጭ የመጣ አንድ ቡድን ሁለት ሻንጣ ሙሉ ሹራብ ይዞልን መጣ። ወሩ ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሌሊት አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛበት ወር ነው። ሹራቦቹን በእልልታ ተቀበልን፣ ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ በላብ ተጠመቅን። እንግዶቹ ሲሄዱ እናቶቻችን ሰብስበው ዓለማያና ሐረር ላሉ ዘመዶች ላኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ እኛው ሰባት ሆነን ማላዊ ገጠር ለሁለት ሳምንት ሄድን። ወሩ ሐምሌ ነበር። አንዳችንም ሹራብ አልያዝንም። ማላዊ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ሐምሌ የብርድ ወራቸው ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ፎጣ ተከናንበን አነጋን፤ ጠዋት የመጋቢው ባለቤት ብርድ ልብስ ከየጎረቤቱ ለምና አመጣችልን። ልንረዳ ሄደን በመጀመሪያው ቀን ተረጂ ሆንን።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ የተማርኩትን ይዤ ነው። ማላዊን የመረጥኩት የማውቃት እሷን ስለሆነ ነው። ሌላ አገር ለምትሄዱም አብዛኛው ይሠራል።

1. መጀመሪያ ማን እንደጠራችሁ እወቁ

ብዙ ቡድን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። መዝሙር ይመረጣል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ከዚያ የሚኬድበት አገር ይፈለጋል። ይህን ገልብጡት። እዚያ ያለች ቤተ ክርስቲያን «ኑ፣ ይህን ሥራ አብረን እንሥራ» ብላ ካልጻፈችላችሁ አትሂዱ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይኑረው፦ የት ታርፋላችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ፣ እዚያ ኃላፊው ማነው።

አንዳንዱ ወጣት «ወንጌል ልናደርስ» ይላል። ለማን? የስኮትላንድ ሚሽነሪዎች ሊቪንግስቶኒያ የሚባለውን ሚሽን ማላዊ ሐይቅ ዳር የተከሉት እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ማላዊያኑ መዝሙር ሲዘምሩ የእኛ ከተማ ገና ሜዳ ነበረች። ዛሬ ከአራት ማላዊያን ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው። ስለዚህ የምትሄዱት ያለች ቤተ ክርስቲያንን ልታግዙ ነው። የገጠር መጋቢ ስድስት ሰባት አጥቢያ በብስክሌት እየዞረ ያገለግላል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቹ ሥልጠና አላገኙም። ጉድለቱ ያለው እዚህ ነው።

የራሳችንን ታሪክም አንርሳ። ጣሊያን ገብቶ የውጭ ሚሽነሪዎች ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። እንግዳ በሌለበትም ሥራው ይሠራል። ይህን ያወቀ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ትከሻው ቀለል ይለዋል።

2. ወሩን ምረጡ

ዝናባቸው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ያለፈው ዓመት በቆሎ ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት የረሃብ ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ሰባት ሰው ሆኖ ገጠር ቤት ማረፍ ግፍ ነው። ለእናንተ ያበስላሉ፣ እነሱ ጾማቸውን ያድራሉ፣ እናንተም አታውቁም። መንገዱም ጭቃ ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሂዱ። አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የእኛም ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሹራብ ግን ያዙ!

3. ቡድኑ ትንሽ ይሁን

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ሚኒባስ አይችላችሁም፣ አንድ መንደርም አያስተናግዳችሁም። ሥራ ከፋፍሉ፦ አንድ መሪ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የጤና ተጠሪ፣ አንድ እንግሊዝኛው የማያንቀው ሰው። ሴቶች ይኑሩበት። ገጠር ላይ እናቶች ጋር ማዕድ ቤት ገብቶ መቀመጥ የሚችለው ሴት ናት፤ የመንደሩ እውነተኛ ወሬ ያለውም እዚያ ነው።

ድምፁ ያማረ ሁሉ ለሚሽን አይሆንም። እኔ ሰው የምመርጠው ሦስት ቀን አብሬው ገጠር አድሬ ነው። ከድሬ ወጣ ብሎ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሥራ ያላት ቦታ ፈልጉ፣ ቀበሌውን አስፈቅዱ፣ ሂዱ። ውሃ ቅዱ፣ ምንጣፍ ላይ ተኙ፣ ስልካችሁን መሪው ጋ አስቀምጡ። በሦስተኛው ቀን ማን እንደሚነጫነጭ፣ ማን ሳይጠሩት ተነስቶ ድስት እንደሚያጥብ ይታያል። ድስት የሚያጥበውን ውሰዱ።

4. ወረቀት፣ እና ስለ ወረቀት የማይወራው ነገር

ፓስፖርት ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። የቪዛ ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ጓደኛ የነገራችሁን ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው የማላዊ ኤምባሲ የሚላችሁን ስሙ። ቢጫ ካርድ ግዴታ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

አሁን ወደማይወራው። ማላዊ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚሄዱ ስደተኛ ወገኖቻችን መንገድ ላይ ናት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰሜን ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኝቶ የ25 ሰዎች አስከሬን ወጣ። የኢትዮጵያ ስደተኞች ናቸው ተብሎ ነው የታመነው። ስለዚህ ሰባት ኢትዮጵያዊ ወጣት አንድ ላይ ዋና ከተማቸው ሊሎንግዌ ሲያርፍ የኢሚግሬሽኑ ሰው ቢያፈጥባችሁ አትቀየሙት። የሚያስበው ስለ እናንተ ብቻ አይደለም።

የሚከተሉትን በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፦ የጋባዡ ደብዳቤ ከነ ማኅተሙ፣ የላኪ ቤተ ክርስቲያናችሁ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ የመልስ ትኬት፣ የምታርፉበት አድራሻ፣ የጋባዡ መጋቢ ስልክ። ሁሉም ሰው የየራሱን ቅጂ ይያዝ። «ምን ልትሠራ መጣህ?» ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይመልስ። አንዱ «ቱሪስት»፣ ሌላው «ቸርች»፣ ሦስተኛው «ጓደኛ ልጠይቅ» ካለ ሌሊቱን እዚያው ታነጋላችሁ።

ሌላም አለ። በሚሽን ስም ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ አልፎ መቅረት የሚያስብ ሊኖር ይችላል። መሪው ይህን በጓዳ ሳይሆን በግልጽ ያንሳው። አንድ ሰው ከቀረ እዚያ ያለው መጋቢ ነው ፖሊስ ጣቢያ የሚመላለሰው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቡድንም በር ይዘጋበታል። ቤተሰብን አስጠርቶ ማነጋገር ያሳፍር ይመስላል። አያሳፍርም።

የታሸገ ዕቃ «ለእገሌ አድርሱልኝ» የሚል አይጠፋም። አክስትም ብትሆን ከፍታችሁ ያላያችሁትን አትቀበሉ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ 8:30 ማለት በእኛ 2:30 ጠዋት ነው። ማላዊ ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ጠዋት 8:00 ሲሉ እኛ ቤት 3 ሰዓት ሆኗል። ከቡድናችን አንዱ ሁለቱን አደባልቆ ስልኩ ላይ ደወል ሞላና ሁላችንንም በሌሊት ቀሰቀሰን። ጸለይንበት፣ ምን እናድርግ።

5. ገንዘብ

ትልቁ ወጪ ትኬት ነው። ቀሪው የምግብና የማረፊያ መዋጮ ለጋባዡ፣ የአገር ውስጥ መኪና፣ መድኃኒት፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን አትንኩት። በኋላ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ብር እዚያ አይመነዘርም። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ በፓስፖርት፣ በቪዛና በትኬት ጠይቁ፤ ከጥቁር ገበያ ገዝታችሁ ለወንጌል ሥራ አትውጡ። ዶላሩ አዲስና ያልታጠፈ ይሁን። አገሩ ውስጥ የሚሠራው ክዋቻ ነው፤ ገጠር ድረስ በስልክ ገንዘብ ይላላካሉ፣ በኤርቴል መኒና በምፓምባ። ገንዘብ ያዡ ማታ ማታ በደብተር ይመዝግብ፣ ሌላ አንድ ሰው አይቶ ይፈርም። መንፈሳዊነት ደረሰኝ አያስቀርም።

6. ጤና

ድሬ ያደግን ሰዎች «ወባ ምን ያደርገናል» እንላለን። ተነክሰናል፣ ታመናል፣ ድነናል። ይህ ንቀት እዚያ አይሠራም። እነዚያ የስኮትላንድ ሚሽነሪዎች መጀመሪያ የሰፈሩት ኬፕ ማክሊር የሚባል ቦታ ነበር፤ ወባ ስለጨረሳቸው እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ባንዳዌ ለቀቁ። የሞቱት መቃብር አሁንም ኬፕ ማክሊር አለ።

ከመሄዳችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና የወባ መከላከያ ጠይቁ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቦሌ ሲያርፍ ክኒኑን ይተዋል። በምግብና በብዙ ውሃ ዋጡት፣ ፀሐይም ቶሎ ያቃጥላችኋል። አጎበር የየራሳችሁን ያዙ።

ውሃ አፍልታችሁ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ መድኃኒት አክማችሁ ብቻ ጠጡ። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ማላዊን የመታው ኮሌራ ከ1,700 በላይ ሰው ገድሏል። ሐይቁ ያምራል፣ ዋናም ያስመኛል። ግን ቢልሃርዚያ አለበት። የገባ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ይመርመር።

ቡድናችሁ ውስጥ ነርስ ወይም ሐኪም ካለ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያለዚያ አገር ፈቃድ ማከም አይችልም። ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት ለቃቅሞ መሄድም ይቅር። የምንሰጠው ለሰው ነው።

7. ጥቂት ቺቼዋ፣ ብዙ ሰላምታ

የመንግሥት ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ገጠር ግን በብዛት ቺቼዋ ይነገራል። ከመሄዳችሁ በፊት ይህን በቃል ያዙ።

«ሙሊ ብዋንጂ?» — እንደምን ናችሁ? መልሱ «ንዲሊ ብዊኖ፣ ካያ ኢኑ?» — ደህና ነኝ፣ እርስዎስ? «ዚኮሞ» — አመሰግናለሁ። ይቅርታ ለማለትም፣ መንገድ ለመጠየቅም ይሆናል፤ ይህን ብቻ ብታውቁ ሁለት ሳምንት ያኖራችኋል። ሰው ግቢ ስትደርሱ ውጭ ቆማችሁ «ኦዲ!» በሉ። «ኦዲኒ!» ሲሏችሁ ግቡ። የእኛ «ቤቶች!» ማለት ነው።

አሁን የድሬ ልጆች ጆሯችሁን ስጡኝ። እኛ አንቱ አናውቅም ተብለን በአገር ሙሉ እንታማለን። ሽማግሌውንም «አንተ» ብለን፣ አቦ ብለን፣ ትከሻውን መታ አድርገን እናልፋለን። ድሬ ላይ ፍቅር ነው። ቺቼዋ ግን እንደ አማርኛው አንተና አንቱ አለው። «ኢዌ» ለሕፃን፣ «ኢኑ» ለታላቅ። ትልቅ ሰውን «ኡሊ ብዋንጂ?» ማለት ሰውየውን ልጅ ማድረግ ነው። ሁልጊዜ «ሙሊ» በሉ።

ለሽማግሌ ሰላምታ ስትሰጡ ዝቅ በሉ፤ ሴቶቹ በርከክ ይላሉ። ስትሰጡም ስትቀበሉም በቀኝ እጅ፣ ግራውን ቀኝ ክንዳችሁ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ። ይህን ከአያቶቻችን ቤት እናውቀዋለን፤ ትዝ ማለቱ ነው የሚያስፈልገው።

8. ሻንጣ

ሹራብ። (አልኩ አይደል?) ሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ፤ እዚያ ስትደርሱ ቺቴንጄ የሚባለውን ጨርቅ ገበያ ገዝታችሁ ከላይ አሸርጡ፣ እናቶቹ በጣም ይደሰታሉ። ወንዶች ለእሑድ አንድ ሸሚዝና ሱሪ። ቁምጣ ለኳስ ሜዳ ብቻ።

የራስ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶኬት መቀየሪያ ያዙ፤ የእነሱ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዞቹ ነው። የጫማ ማሰሪያ፣ መርፌና ክር፣ ሳሙና፣ ሶፍት ጨምሩ።

ጀበናና ሲኒ ይዛችሁ ሂዱ። የሐረር ቡና ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ። ጥሬውን ተዉት፤ ዘር ነው ተብሎ ጉምሩክ ላይ ያከራክራል። የገጠሩ ሰው የለመደው ሻይ ነው፤ የመጀመሪያው ሲኒ ላይ ፊት ያጨማድዳሉ። ስኳር ጨመር አድርጉላቸው። እኛ ከሰበክነው ሁሉ የበለጠ ወሬ ያወራንበት ጀበናው ዙሪያ ነው።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የሚነዱት በግራ ነው። የባጃጅ ከተማ ልጅ ነኝ ብላችሁ አትመኩ።

9. እንደደረሳችሁ

ቀጥታ ወደ ሥራ አትግቡ። መጋቢው መጀመሪያ የመንደሩ አለቃ ጋ፣ ምፉሙ የሚሉት፣ ይወስዳችኋል። ካልወሰዳችሁ እናንተ ጠይቁት። አለቃው መሬት ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል ወይም ወንበር ይሰጣል፤ የተሰጣችሁ ላይ ተቀመጡ። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩ፣ መቼ እንደምትሄዱ ንገሩት። የመሄጃችሁን ቀን መናገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል እኛ ጋ።

ምግቡ ንሲማ ነው። በበቆሎ ዱቄት የተሠራ ጠንከር ያለ ገንፎ አስቡ፣ ቅቤና በርበሬው የሌለበት። ከጎኑ ንዲዎ፦ ጎመን፣ ባቄላ ወይም ከሐይቁ የወጣ ትንንሽ ዓሣ። ውሃ እጃችሁ ላይ ያፈስሱላችኋል፣ በእጅ ጠቅልላችሁ ትበላላችሁ። በዚህ ከፈረንጅ ቡድን ሁሉ እንበልጣለን። አንዲት እናት እንጀራ እንደሚጠቀልል ሰው ንሲማዋን ስንጠቀልል አይታ ሳቀችና «እነዚህ ልጆች ቤት ያደጉ ናቸው» አለች ብሎ መጋቢው ተረጎመልን።

10. ሥራው

አብዛኛው ቡድን ብዙ ስብከት ይዞ ይሄዳል። ተዉት። ተናጋሪው በአማርኛ፣ አንዱ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ወደ ቺቼዋ ከሆነ የግማሽ ሰዓት ስብከት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሕፃናቱ ይተኛሉ። በቀጥታ በእንግሊዝኛ መናገር የሚችለው ይናገር፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ዝም፣ ተርጓሚው ይጨርስ። ታሪክ ያልፋል። ሰምና ወርቅ አያልፍም። እኔ በቅኔ የጀመርኩት ቀን የሳቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስቱም ከድሬ የመጡ።

ቀሪውን ጊዜ መጋቢው ባዘጋጀው ሥራ ላይ አውሉት። ለሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ሥልጠና ካላችሁ ትልቁ ስጦታ ነው፤ እናንተ ስትሄዱ ይቀራል። በተቀረው መጋቢው በብስክሌት ሲዞር ተከተሉት፣ የታመመ ጠይቁ፣ ለቅሶ ድረሱ፣ ጡብ አቀብሉ። ግንባታ ካለ የመንደሩ ግንበኛ ይምራ። እኛ የሠራነውን ግድግዳ ማታ አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ግንበኛ እንዳለ ደርሼበታለሁ፤ አሳፍሮን እንዳይሆን ብሎ ነው በጨለማ ያደረገው።

«መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌላው የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም፣ «ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ስብከት ይቅር» የሚልም ይገጥማችኋል። ይህ ክርክር እኛ አገር ያረጀ ነው። ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ ነፍስና ሥጋን ለያይታችሁ አትርዱን ብላ ጽፋለች። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የተጻፈ ነበር። አሁን እኛ በተራችን ላኪ ስንሆን ማንበብ ያለብን ይመስለኛል።

መንደሩ ውስጥ ሙስሊሞች ካሉ፣ ሐይቁ ዳር ማንጎቺ አካባቢ ብዙ ናቸው፣ ድሬ እንዴት እንዳደጋችሁ አስቡ። ዒድ ላይ ማን ቤት በላችሁ? እናታችሁ ስትታመም ማን አደረ? እንደዚያው ኑሩ። የምትሰጡት ዕርዳታ ከማመን ጋር አይታሰር። ሳሙናውን የሚወስድ ስብከቱን ይስማ የሚል ነገር ካለ እኔ አብሬ አልሄድም።

11. አንደበታችሁን ጠብቁ

ትልቁን ስህተቴን እዚህ ልናገር። በመጀመሪያው ጉዞ መጋቢው ጣሪያ የሌላትን የጸሎት ቤት አሳየኝ። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮ የለም። ምንም አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ አሳየኝ። እኔም አንጀቴ ተላወሰና «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እናያለን» አልኩ። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው ላለማስቀየም «አይሆንም» የሚባልበት መንገድ ነው። የእኛው ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «እኛ እናስፈጽመዋለን» የሚል ሆነ። በቺቼዋ ምን እንደሆነ እንጃ፤ ሴቶቹ ግን እልል አሉ።

ለአንድ ዓመት በየወሩ ስልኬ ይጮሃል። «ወንድሜ፣ ቆርቆሮው መቼ ነው?» ምእመኑ ጣሪያ ይመጣል ብሎ የራሱን መዋጮ አቁሞ ነበር። ሳር እንኳ አልከደኑበትም፤ ግድግዳውን ዝናብ በላው። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም። የእኔ ጨዋነት ነው ያፈረሰው።

ስለዚህ፦ ለማንኛውም ጥያቄ የቡድኑ መልስ አንድ ይሁን። «ሰምተናል፤ ለሽማግሌዎቻችን እንነግራለን፤ ቃል ግን አንገባም።» በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ተርጓሚው በቺቼዋ ይጻፈው፣ ሁለቱንም አጥኑ። እንግሊዝኛ ላይ «እናያለን»፣ «ይሆናል»፣ «ችግር የለም» የሚሉትን የእኛን ማለስለሻዎች አታስገቡ።

ስጦታም እንዲሁ ነው። ልጆች መሃል ቆማችሁ ከረሜላ አትበትኑ። 30 ጫማ ይዞ 100 ልጅ ፊት የቆመ ቡድን አይቻለሁ፤ ያለቀሱት ሰባዎቹ ብቻ አልነበሩም፣ ማታ ከወላጅ ጋር የተጣሉም ነበሩ። ያመጣችሁትን ለመጋቢውና ለሽማግሌዎች አስረክቡ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እነሱ ያከፋፍሉ። ፎቶ ላይ አትገኙም። ይሻላል።

ሕፃናትን በተመለከተ ድርድር የለም። አንድ አገልጋይ ብቻውን ከልጅ ጋር ዝግ ቤት አይቀመጥ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ። ወላጅ ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳም። ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ ቲክቶክ ላይ አይወጣም፤ የእናንተ ታናሽ ቢሆን ታወጡት ነበር?

12. ስትመለሱ

ድሬ እንደደረሳችሁ በሳምንቱ ተሰብሰቡና ምን እንደሠራ፣ ምን እንደከሸፈ ተነጋገሩ። ከዚያ ለላካችሁ ጉባኤ ሪፖርት፤ የገንዘቡ ዝርዝር ከነ ደረሰኙ። «ስንት ነፍስ ዳነ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ቁጥር አትቀባቡ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ማላዊ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

በወሩ ለመጋቢው በዋትስአፕ ደውሉ። የሚደወለው ለሰላምታ ነው፣ ሌላ ነገር አይኑረው። ጥር ላይ ደግሞ ድገሙት፤ የረሃቡ ወቅት ነው፣ «በቆሎው እንዴት ነው?» በሉት። ፎቶዎቹን ቀዚራ ሰፈር ወስዳችሁ አሳትሙ። የመጋቢው ባለቤት ብርድ ልብስ ይዛ የቆመችበትን ትልቅ አድርጋችሁ፣ ወደዚያ ለሚሄደው ቀጣይ ሰው ስጡ። ስሟን በጀርባው ጻፉበት፣ እንዳይሳሳት።